ከባቡሩ መስኮት ውጭ፦ ዋልያ፣ ሽመላ እና ጎሽ በአውሮፓ ሐዲድ ዳር

[የመግቢያ ሙዚቃ]

 

ብዙዎቻችሁ ከጻባ ስትወጡ ወይም ዩኒቨርሲቲ ከመግባታችሁ በፊት ቦርሳችሁን አዝላችሁ ወደ አውሮፓ ትሄዳላችሁ። እዚያ ደግሞ ከአገር አገር የሚወስደን ባቡር ነው። በመስኮቱ ሜዳው ያልፋል፣ ወንዙ ያልፋል፣ ተራራው ያልፋል፤ ዓይናችን ግን ስልካችን ላይ ነው። ዛሬ እስቲ ስልኩን ኪሳችን እንክተትና መስኮቱን እንይ። ምክንያቱም ከሐዲዱ ዳር የሚታዩት የዱር እንስሳት ዝም ብለው እዚያ የተገኙ አይደሉም። አንዳንዶቹ አንድ ጊዜ ጠፍተው ነበር። ሰው አጠፋቸው፣ ሰው ደግሞ መለሳቸው። ማን አጠፋቸው? ማን መለሳቸው? ይህን ስንጠይቅ የአውሮፓን ታሪክ፣ የራሳችንንም ታሪክ ጭምር እናገኛለን።

ሦስት እንስሳት መርጫለሁ፦ ዋልያ፣ ሽመላ እና ጎሽ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከእናት ከአባታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የምትሰሙ ካላችሁ በአገር ቤቱ አቆጣጠር እንዳይመስላቸው።

መጀመሪያ ስለ ባቡሩ ራሱ ትንሽ እንነጋገር። በ1830 እንግሊዝ ውስጥ ሊቨርፑልና ማንቸስተርን የሚያገናኝ የባቡር መስመር ተከፈተ። በ1835 ጀርመን የመጀመሪያውን መስመር ከኑረምበርግ እስከ ፉርት ዘረጋች። ከዚያ በኋላ በሃምሳና በስልሳ ዓመት ውስጥ አውሮፓ እንደ ሸረሪት ድር በሐዲድ ተሳሰረች። ለሰው ትልቅ ነገር ነበር፤ የሳምንት መንገድ የአንድ ቀን ሆነ። ለዱር እንስሳ ግን ሌላ ነገር መጣበት። ድሮ ለመድረስ የሚያዳግት ተራራና ጫካ ቀረበ። አዳኙ ጠዋት ከከተማ ተነስቶ ማታ ጫካው ጥግ ይደርስ ጀመር። እንጨቱም፣ ቆዳውም፣ ሥጋውም በባቡር ተጭኖ ወደ ገበያ ሄደ።

በ1972 ደግሞ ኢንተርሬይል የሚባል ትኬት ወጣ። ዕድሜያቸው እስከ 21 ለሆኑ ወጣቶች ነበር፤ በአንድ ትኬት 21 አገሮችን በባቡር መዞር ያስችል ነበር። አዳኙን ያመጣው ሐዲድ አሁን ተመልካቹን ያመጣል። ይህን ሁለት መልክ በልባችሁ ያዙት፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

[ሙዚቃ]

እሺ፣ ጉዞውን ከተራራ እንጀምር። ከስዊዘርላንድ ከሳንክት ሞሪትዝ ተነስቶ ጣልያን ውስጥ ቲራኖ ድረስ የሚወርድ ቀይ ባቡር አለ። የበርኒና መስመር ይባላል፤ ሥራው ያለቀው በ1910 ነው። ባቡሩ በረዶ መሀል ለመሀል እስከ 2,253 ሜትር ከፍታ ይወጣል። መንገድ ላይ ፖንትሬዚና የምትባል መንደር አለች። በጸደይ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው የተራራ ፍየሎች ትኩስ ሣር ፍለጋ እስከ መንደሩ ጥግ ይወርዳሉ።

ዔን ጌዲ ወይም ሚጽጴ ራሞን የሄደ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል። "ያዔል ናቸው!" ይላል። እናቱ ወይም አባቱ ከስሜን ተራሮች አካባቢ የመጡ ሰው ደግሞ "ዋልያ!" ይላል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የአልፕሱ፣ የይሁዳ በረሃውና የስሜኑ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አንዱ በረዶ ደረሰው፣ አንዱ በረሃ ደረሰው፣ አንዱ ደግሞ ደጋ ደረሰው።

የአልፕሱ ዋልያ ታሪክ ያሳዝናል። የድሮ ሰዎች አካሉ ሁሉ መድኃኒት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቀንዱን ይፈጩታል፣ ደሙን ይጠጡታል፣ ልቡ አጠገብ የምትገኘዋን አጥንት እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሏታል። ይህ ሁሉ ፈውስ የሚፈለገው ከአንድ እንስሳ ነበርና እንስሳው አላቂ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመላው አልፕስ የቀረው መንጋ ጣልያን ውስጥ ግራን ፓራዲዞ በሚባለው ተራራ የነበረው ብቻ ነው፤ እሱም ከመቶ እንደማይበልጥ ይገመታል።

ማን አዳነው? ነገሩ ይገርማል፣ አዳኝ ንጉሥ ነው። ቪክቶር ኢማኑኤል ሁለተኛ በ1856 ተራራውን የራሱ የአደን ቦታ አድርጎ ከለለው። ለእንስሳው አዝኖ አይደለም፤ እኔ ብቻ ላድን ብሎ ነው። ጠባቂ ቀጠረ፣ መንገድ አስጠረገ፤ ንጉሡ በዓመት ጥቂቱን ሲገድል ሌላው ተረፈ። በ1922 ቦታው የጣልያን የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

ስዊዞች ደግሞ ዋልያ በአገራቸው ጠፍቶባቸው ነበር። ግራውቡንደን የተባለው ካንቶን ዓርማው ላይ ይህንኑ እንስሳ ይዞ፣ በተራራው ላይ ግን አንድም አልነበረውም። አስቡት፤ ሥዕሉ ባንዲራው ላይ አለ፣ እንስሳው የለም። ከጣልያን ንጉሥ ቢጠይቁ አልሰጥም አለ። ስለዚህ ምን አደረጉ? በ1906 ግልገሎቹን በኮንትሮባንድ አሻገሯቸው። ሳንክት ጋለን ከተማ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ አሳደጓቸው፤ በ1911 የመጀመሪያዎቹን ወደ ተራራ ለቀቁ። ዛሬ በአልፕስ ተራሮች ላይ ከ50,000 በላይ አሉ። ሁሉም ከዚያ ከአንድ ተራራ መንጋ የተገኙ ናቸው።

የስሜኑ ዋልያስ? እሱ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ የሚገኘው በዚያው በስሜን ተራሮች ብቻ ነው። ቦታው በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ስሜን ለኛ ዝም ብሎ ተራራ አይደለም፤ ቤተ እስራኤል እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የራሳቸውን መሪዎች ይዘው የኖሩበትና የተዋጉበት ምሽግ ነው። ዋልያውም እዚያው ገደል ላይ ነበር። የአልፕሱ በንጉሥና በኮንትሮባንድ ተርፎ በዛ፤ የስሜኑ ግን ዛሬም ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ዛሬም ያሰጋል። ስለዚህ በበርኒና ባቡር ስታልፉና ቀንዱን ስታዩ፣ ዘመዱን አስታውሱት።

እዚያው እያላችሁ ወደ ሰማይ ቀና በሉ። ክንፉ እጅግ ሰፊ የሆነ፣ ከመንቆሩ ሥር ጺም ያለው ጥንብ አንሳ ልታዩ ትችላላችሁ። ስሜን ላይም አለ። አውሮፓውያን "ግልገል ይወስዳል፣ ሕፃን ይነጥቃል" እያሉ አሳደዱት፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአልፕስ ጨርሶ ጠፋ። ወፉ የሚበላው ግን በአብዛኛው የሞተ እንስሳ አጥንት ነው። አጥንቱን ከፍ አድርጎ ይወስድና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይበላል። ስሙን ያጠፋው ወሬ ነው፣ የጨረሰው ደግሞ ጥይትና መርዝ። ከ1986 ጀምሮ በሰው እጅ ያደጉ ጫጩቶች እየተለቀቁ፣ በ1997 በአልፕስ ዱር ውስጥ እንደገና ፈለፈለ። ሐሜት እንስሳንም እንደሚገድል ከዚህ እንማራለን። ማኅበረሰባችን ሳያደርገው ስለሚወራበት ነገር ለኛ መንገር አያስፈልግም።

[ሙዚቃ]

አሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ ጀርመን እንሂድ። ዛሬ ከሙኒክ ወይም ከፍራንክፈርት ወደ በርሊን በባቡር ስትሄዱ የድሮውን የምሥራቅና የምዕራብ ጀርመን ድንበር ታቋርጣላችሁ። ባቡሩ እንኳ ፍጥነቱን አይቀንስም። ድሮ ግን እዚያ ሽቦ፣ ፈንጂ፣ የጥበቃ ማማ ነበር፤ ሊሻገር የሞከረ ሰው ይገደል ነበር። ድንበሩ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሰው ስለማይረግጠው፣ ስለማይታረስ፣ ስለማይረጭበት፣ ወፎች ተጠለሉበት። ካይ ፍሮብል የተባለ ወጣት ከምዕራቡ በኩል ቆሞ ወፎቹን ይመዘግብ ነበር፤ ከእርሻው ላይ የጠፉትን ወፎች በሞት መስመሩ ላይ አገኛቸው።

ግንቡ በኅዳር 1989 ሲወድቅ፣ በወሩ፣ በታኅሣሥ 1989 ከምሥራቅም ከምዕራብም የመጡ በመቶ የሚቆጠሩ የተፈጥሮ ወዳጆች ሆፍ በምትባል ከተማ ተሰበሰቡ። ድንበሩ ይፍረስ፣ ሣርና ቁጥቋጦው ግን ይቆይ አሉ። "አረንጓዴው ቀበቶ" ብለው ጠሩት። ዛሬ አብዛኛው ተጠብቆ አለ። ሰውን ለመለያየት የተሠራ ነገር ሕይወት ማቆያ ሆነ። ግን ድንበሩ ጥሩ ነበር ማለት አይደለም፤ እዚያ የሞተው ሰው ሞቷል። ጥሩው ነገር የተሠራው በኋላ፣ አውቀው በወሰኑ ሰዎች ነው።

ጀርመን ውስጥ ሌላም የሚታይ አለ። በመከር ወራት በበርሊን ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ዓጉሪም በሺዎች ሆነው ያርፋሉ። አዎ፣ ሑላ ሸለቆ ላይ በክረምት የምናያቸው ዓይነት። በኤልበ ወንዝ አካባቢ ደግሞ በቤት ጣራ ላይ፣ በጭስ ማውጫ ላይ፣ በምሰሶ ላይ የተሠራ ትልቅ ጎጆ ታያላችሁ። ሽመላ!

[ሙዚቃ]

ሽመላን ለኛ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በዕብራይስጥ ሐሲዳ የምንላት ናት። ወላጆቻችሁ ኢትዮጵያ ሳሉ፣ ልጆች ሆነው፣ ሽመላ በመንደሩ ላይ ስታልፍ ወደ ላይ እያዩ ስለ ኢየሩሳሌም ደህንነት ይጠይቋትና ይዘምሩላት ነበር። ጎንደር ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ወፏ ከዚያች አገር እንደምትመጣ፣ ወደዚያም እንደምትሄድ ያውቅ ነበር። ማን ነገረው? አባቱ። ለአባቱስ? አያቱ።

አሁን ይህን ከአውሮፓ ጋር አነጻጽሩት። በአውሮፓ ሽመላ በክረምት የት እንደምትሄድ ለረጅም ዘመን ጥያቄ ነበር። ከአርስቶትል ጀምሮ የተማሩ ሰዎች አንዳንድ ወፎች በክረምት እንደሚደበቁና እንደሚተኙ፣ አንዳንዶቹም ወደ ሌላ ወፍ እንደሚለወጡ ጽፈዋል። ጭቃ ውስጥ ይከርማሉ ያሉም ነበሩ። ከዚያ በ1822 ሰሜን ጀርመን ውስጥ ክሉትዝ በምትባል መንደር አጠገብ አንዲት ሽመላ በጥይት ተመታች። ሲያነሷት አንገቷ ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ጦር ተሰክቷል። ጦሩ የአፍሪካ ነው! አፍሪካ ውስጥ ተወግታ፣ ጦሩን እንደተሸከመች፣ ጀርመን ድረስ በርራ ነው የመጣችው። ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከነጦሯ ደርቃ ተቀምጣለች። ይቺ ወፍ ከብዙ መጻሕፍት የበለጠ አስተማረች።

ከዚያ በ1899 ዴንማርክ ውስጥ ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ አስተማሪ ቀጭን የአሉሚንየም ቀለበት ሠርቶ፣ ቁጥርና አድራሻ ጽፎ፣ በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ። ጀርመኑ ዮሐንስ ቲነማን ደግሞ በ1901 በባልቲክ ባሕር ዳር ሮሲተን በተባለ ቦታ የወፎች ጥናት ጣቢያ ከፈተ። በኋላም የሽመላ ጫጩቶችን ቀለበት አሰረላቸው። ቀለበቶቹ ከአፍሪካ ተመልሰው ይደርሱት ጀመር። በዚህ መንገድ ካርታው ተሣለ።

ካርታው ምን ይላል? የምሥራቅ አውሮፓ ሽመላ በነሐሴ ትነሳለች። ከባሕር በላይ መብረር ይከብዳታል፤ እንደ ንስር ከምድር በሚነሳ ሙቅ አየር ላይ ተንሳፋ ነው የምትሄደው፣ ባሕር ላይ ደግሞ ያ አየር የለም። ስለዚህ የሜዲትራንያንን ባሕር ትዞራለች። በቦስፎረስ፣ በቱርክ፣ በሊባኖስ አድርጋ ወደኛ ትመጣለች። ቤት ሼአን ሸለቆ ላይ ታርፋለች፣ ከዚያ በሲና፣ በዓባይ ሸለቆ፣ በሱዳን አድርጋ ወደ ምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ ትወርዳለች። በየወቅቱ በእስራኤል ሰማይ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሽመላ ያልፋል። በጸደይ ደግሞ በዚያው መንገድ ተመልሳ ትወጣለች፦ ሱዳን፣ ሲና፣ እስራኤል።

መንገዱን ልብ አላችሁ? ወላጆቻችን ከጎንደር ተነስተው በእግር ወደ ሱዳን ሲወጡ የተከተሉት አቅጣጫ ነው። በ1980ዎቹ በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን ሞተዋል። ሽመላዋ ከላይ ታልፋለች፣ እነሱ ከታች ይሄዳሉ። ሳይንቲስቶቹ በቀለበት ያረጋገጡትን፣ አያቶቻችን በዜማ ያውቁት ነበር። ይህን የምለው ሳይንሱን ለማሳነስ አይደለም፤ ጦሯም ቀለበቱም ያስፈልጉ ነበር። ነገር ግን "ያልተማሩ ናቸው" ተብለው የተቆጠሩ ሰዎች ስለዚያች ወፍ ትክክለኛውን ነገር ይዘው እንደነበር እወቁ።

[ሙዚቃ]

የመጨረሻው ጣቢያችን ፖላንድ ነው። ብዙዎቻችሁ በትምህርት ቤት ሚሽላሐት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ፤ ምን እንደሚያሳዩ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ አልነግራችሁም። ዛሬ ግን ከዋርሶ ወደ ቢያሊስቶክ የሚሄደውን ባቡር እንሳፈር። በበጋ ከሆነ በግራም በቀኝም ሽመላ አለ፤ በፖላንድ ከ40,000 በላይ ጥንድ ይራባል። እርጥብ ሜዳው ላይ ቀይ እግሯን እያነሳች እንቁራሪት ትለቅማለች። እንዴት ያምራል ትላላችሁ። ከዚያ ባቡሩ ማውኪንያ በምትባል ጣቢያ በኩል ያልፋል። ከማውኪንያ የሚገነጠለው ሐዲድ ወደ ትሬብሊንካ ይወስድ ነበር። ከሐምሌ 1942 ጀምሮ የዋርሶ አይሁድ በከብት ፉርጎ ታጭቀው የተወሰዱት በዚሁ መስመር ነው።

መስኮቱ አንድ ነው፤ ሽመላዋም አለች፣ ትሬብሊንካም አለ። አንዱን ለማየት ሌላውን መርሳት አያስፈልግም። እንዲያውም የሚቀጥለው ታሪክ ሁለቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል።

ከቢያሊስቶክ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቤላሩስ ድንበር ላይ፣ ቢያዎቪየዛ የሚባል ጥንታዊ ጫካ አለ። የሚኖርበት ትልቁ እንስሳ በፖላንድኛ ዡብር ይባላል፤ እኛ የአውሮፓ ጎሽ ልንለው እንችላለን። ትከሻው የጎበጠ፣ ጸጉራም፣ ትልቁ ወንድ ከስምንት መቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን። የሩሲያ ንጉሥ ጫካውን የግሉ የአደን ቦታ አድርጎ ቤተ መንግሥት ሠራበት፤ በ1890ዎቹም የባቡር ሐዲድ እስከዚያ ድረስ ተዘረጋ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በጫካው ከ700 በላይ ጎሾች ነበሩ። በ1915 የጀርመን ጦር ገባ። ዛፉን ቆርጦ ለማውጣት ቀጫጭን ሐዲዶችን ጫካው ውስጥ ዘረጋ። ጎሹም ለሥጋ ታረደ። ጦርነቱ ባለቀ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በቢያዎቪየዛ አንድም አልቀረም። በ1927 ካውካሰስ ላይ የመጨረሻው የዱር ጎሽ ተገደለ። አለቀ።

የቀሩት በየመካነ እንስሳቱ ተበታትነው ያሉ ከ60 የማይበልጡ ናቸው። በ1923 ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው የያንዳንዱን ጎሽ ዘር የሚመዘግብ መዝገብ ጀመሩ፦ እናቱ ማናት፣ አባቱ ማነው፣ ከማን ጋር ይዳቀል። ለምን? ዘመድ ከዘመድ ቢዳቀል ልጁ ስለሚደክም። የዛሬዎቹ ጎሾች በሙሉ የመጡት ከ12 እንስሳት ብቻ ነው። ይህን የሚረዳ ሰው ቢኖር የኛ ሽማግሌ ነው። ሰባት ትውልድ ቆጥሮ "እነዚህ ዘመድ ናቸው፣ አይጋቡም" ብሎ የሚፈርደው ሽማግሌ፣ መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ በቃሉ ይህንኑ ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ፖላንዶች በመዝገቡ ላይ ለጎሾቻቸው የሚሰጡት ስም "ፖ" ብሎ እንዲጀምር ያደርጋሉ፤ የአገሩ ልጅ መሆኑ እንዲታወቅ።

በ1929 ጎሾች ወደ ቢያዎቪየዛ ተመልሰው በአጥር ውስጥ መራባት ጀመሩ። ከዚያ ሁለተኛው ጦርነት መጣ። ሄርማን ጎሪንግ፣ ከሂትለር ቀጥሎ ያለው ባለሥልጣን፣ የአደን ወዳድ ነበርና ጫካውን ለራሱ ተመኘው። ጎሹ እንዲጠበቅ ታዘዘ። ሰውስ? በ1941 የጀርመን ፖሊስ ሠራዊት በጫካው ዙሪያ ያሉ መንደሮችን አፈናቀለ፣ አቃጠለ፤ የቢያዎቪየዛ አይሁድ ወንዶች በጥይት ተገደሉ። ይህን ያዙልኝ። እንስሳ መውደድ ብቻውን ሰውን ደግ አያደርገውም። ለጎሹ አጥር ሠርቶ ለጎረቤቱ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው በታሪክ ውስጥ አለ።

ግን ሌላ ዓይነት ሰውም አለ። ያን ዣቢንስኪ የዋርሶ መካነ እንስሳት አስተዳዳሪ ነበር። በመስከረም 1939 ቦታው በቦምብ ተደበደበ፤ ብዙ እንስሳት ሞቱ፣ ከተረፉት ምርጦቹን ጀርመኖች ወሰዱ። ጎጆው ሁሉ ባዶ ቀረ። ያን እና ሚስቱ አንቶኒና በዚያ ባዶ ጎጆና በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት አይሁድን ደበቁ። ያን አሳማ አረባለሁ ብሎ ፈቃድ አወጣ፤ ለአሳማ ምግብ ትርፍራፊ እሰበስባለሁ እያለ ወደ ጌቶው ይገባ ነበር። በሦስት ዓመት ገደማ ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎች በዚያ ቤት አልፈዋል፤ አብዛኞቹም ተርፈዋል። በ1965 ያድ ቫሼም ባልና ሚስቱን ከአሕዛብ መካከል ጻድቃን ብሎ አከበራቸው።

አሁን ታሪኩ የሚገጥምበትን ስሙ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1947፣ የአውሮፓ ጎሾች የዘር መዝገብ እንደገና ሲታተም ያዘጋጀው ማን ነው? ይኸው ያን ዣቢንስኪ። ሰዎችን በጎጆ የደበቀው እጅ፣ ከጦርነት የተረፉትን ጎሾች አንድ በአንድ ቆጥሮ ጻፈ። በ1952 የመጀመሪያዎቹ ጎሾች ከአጥር ወጥተው ጫካው ውስጥ ተለቀቁ። ዛሬ በአውሮፓ በሺዎች የሚቆጠሩ አሉ። በክረምት ከጫካው ወጥተው ሜዳ ላይ ሲግጡ ይታያሉ፤ የቀናው መንገደኛ ከመንገድ ዳር ያያቸዋል።

[ሙዚቃ]

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ምክር ልስጥ። አንደኛ፣ ፈጣኑን ባቡር ተዉት፤ በየጣቢያው የሚቆመውን ያዙ። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥ ባቡር ላይ የምታዩት ሽመላ ነጭ ነጠብጣብ ናት። ሁለተኛ፣ ሰዓቱን ምረጡ። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጋዘንና ጥንቸል ከጫካው ጥግ ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ተኝተዋል። ሦስተኛ፣ ፀሐይ በማይመታው በኩል ተቀመጡ፤ መስታወቱ አያብረቀርቅም። አራተኛ፣ ቅርቡን ሳይሆን ራቅ ያለውን እዩ፤ ሜዳና ጫካ የሚገናኙበትን መስመር ዓይናችሁ ይከተል። አምስተኛ፣ ደብተር ይኑራችሁ። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ያያችሁትን ጻፉ። ሞርተንሰንም ዣቢንስኪም የጀመሩት በመመዝገብ ነው።

ለመሄድ ገንዘብ የሌለው ሰው አይዘን። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሐይፋ ወደ ቤት ሼአን በሚሄደው ራኬቬት ተሳፈሩ፤ ሽመላዎቹ ወደ ፖላንድ ሲመለሱ በዚያ ሸለቆ ላይ ነው የሚያልፉት። ትኬቱም ርካሽ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ያየነውን እናጠቃልል። ዋልያውን ያዳነው ለራሱ ሊያድነው የፈለገ ንጉሥ ነው። ወፎቹን ያስጠለለው ሰው የሚገደልበት ድንበር ነው። ጎሹ የጠፋው በጦርነትና በሐዲድ፣ የተመለሰውም ዘር ቆጥረው በጻፉ ሰዎች ነው። ታሪክ ንጹሕ እጅ ብቻ ይዞ አይመጣም። ነገር ግን በየጊዜው አንድ ሰው ተነስቶ "ይህስ አይጥፋ" ይላል፣ ይቆጥራል፣ ይጽፋል፣ ይደብቃል፣ ያሳድጋል። ልዩነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የኛም ነገር እንደዚያው ነው። ሽመላን የሚያውቁ፣ ሰባት ትውልድ የሚቆጥሩ፣ የስሜንን ገደል በስሙ የሚጠሩ አያቶች አሁንም አሉን፤ ግን በየዓመቱ ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው። እነሱን የሚመዘግብ ሌላ ማንም አይመጣም። ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሰንበት አያታችሁ ዘንድ ሂዱ፣ ቡናው እስኪፈላ ስልኩን ለመቅጃ ክፈቱና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ሽመላ ስታልፍ ምን ትሏት ነበር?" የሚሉትን እስከ መጨረሻው አዳምጡ። ዜማውን ካስታወሱት አታቋርጧቸው።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን።  በሚቀጥለው ክፍል እስክንገናኝ ደህና ሁኑ፣ ሻሎም።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]